የአያና የሰኔ መንገድ

ከካቺሲ ገበያ ወጥተው ገደሉን መውረድ ከጀመሩ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላቸውም፤ ሰማዩ ጠቆረና በረዶው ወረደ። ጎርፉ ቀጭኗን መንገድ አጠባት፤ በቅሎዋ ደነበረች፤ ሃዋኒም እግሯ ከዳትና በቂጧ ተንሸራትታ ከአንድ የግራር ሥር ጋር ተላተመች። ከበታቿ ባዶ አየር ነበር።

«ሥሩን ያዢ! እንዳትለቂው!»

በቅሎ ነጂው ኦቦ ዋቅጋሪ የጭነቱን ገመድ ፈትተው ወረወሩላትና ጎትተው አወጧት። እሷ ጭቃዋን ስታራግፍ እሳቸው ሳቁ።

«የአምቦ አስተማሪ፣ ይሄ ሰሌዳ አይደለም። አያትሽ በአንካሳ እግሩ ከአንቺ ይሻል ነበር።»

ወደዚህ ገደል ያመጣት የአያቷ የአያና ነገር ነው። አያና በ፲፱፻፷፱ ዓ.ም. ኦጋዴን ላይ ተማርከው አሥራ አንድ ዓመት ሶማሊያ ታስረው ኖሩ። በ፲፱፻፹ ሲመለሱ ስለዚያ ዘመን ትንፍሽ አላሉም። ሃዋኒ ቢሮ ለቢሮ ተንከራትታ ያገኘችው ወረቀትም «ምርኮኛ፣ ተመላሽ» ይላል፤ ሌላ የለውም። ግን በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ «ካቺሲ ደርሼ ልምጣ» ብለው ይወጡና በሳምንቱ ጭቃ በጭቃ ሆነው ይመለሱ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት!

ሚስታቸው ወይዘሮ መቲ ለዚህ አንድ ትርጉም ብቻ ነበራቸው፤ ሴት አለችው። ባለፈው ጥቅምት አያና ሲሞቱ አለቀሱ። የሙት ዓመቱ ነገር ሲነሳ ግን ፊታቸውን አዞሩ።

«ለሌላ ሴት ባል ተዝካር አላወጣም። እሷ ታውጣለት!»

ሃዋኒ «አኮ» እያለች የምትጠራቸውን ሴት አያቷን ታውቃቸዋለች፤ ካሉ አሉ ነው። ሰውየው ያለ ተዝካር ሊቀሩ ነው። «አኮ፣ ክፉም ይሁን ደግ እውነቱን ይዤልሽ እመጣለሁ» ብላ በዚያው በሰኔ ተነሳች።

በረዶው አባርቶ ጉሙ ሲገለጥ ሃዋኒ ባለችበት ቆመች። ምድሩ ደረጃ በደረጃ እየወረደ ታች ጥቁር ጫካ ውስጥ ይሰወራል፤ ማዶ፣ ከአባይ ባሻገር፣ የጎጃም ተራራ ሰማዩን ዘግቶታል። እንዲህ ያለ ስፋት አይታ አታውቅም። እኚያ ቤት ውስጥ ጥግ ይዘው ይቀመጡ የነበሩት ዝምተኛ ሰውዬ ይህን ሁሉ ሃያ ስድስት ጊዜ በእግራቸው ወርደው መውጣታቸውን ስታስብ ፈራቻቸው፤ እንደ አዲስም አከበረቻቸው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወደ አባይ ከሚገባ አንድ ወንዝ ደረሱ። ውሃው ደፍርሷል።

«አያትሽንም የምሸኘው እስከዚህ ነበር» አሉ ኦቦ ዋቅጋሪ። «በቅሎዬን ለአዞ አልገብርም። ከነገ ወዲያ እዚሁ እጠብቅሻለሁ።»

«ሲሻገር ምን ይዞ ነበር?»

«ከካቺሲ የገዛውን አዲስ ማረሻ። ለውሽማው ብረት የሚሸከም ሰው አይቼ አላውቅም።»

ድንጋይ እየወረወሩና እየጮሁ ውሃውን በጠበጡት። ሃዋኒ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። ወገቧ ድረስ ሲደርሳት ከወዲያኛው ዳር ግንድ የመሰላት ነገር ተንቀሳቀሰና ውሃው ውስጥ ሰጠመ።

«ወደ ላይ! ወደ ላይ ሂጂ! ቶሎ!»

የኦቦ ዋቅጋሪ ድንጋይ በራሷ ላይ እያፏጨ አለፈ። ሮጠች፣ ወደቀች፣ ተነሳች፤ ከላይ በኩል የማዶውን አሸዋ በጥፍሯ ቧጥጣ ወጣች። ገና ትንፋሿን ሳትሰበስብ አንድ ጎልማሳ ዱላውን ደረቷ ላይ ደገነ።

«የማን ነሽ?»

«የአያና የልጅ ልጅ።»

ሰውየው ቶኩማ ይባላል። ዱላውን አጠበቀ።

«ጠርጥሬ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት አርሷልና መሬት ላራሹ ልትይ መጣሽ?»

«የማን መሬት? ምን አርሶ?»

ከጎጆው አንዲት አሮጊት ብቅ አሉ፤ እናቱ ሲንቄ ናቸው። ሃዋኒን ሳይሆን ከኋላዋ ያለውን ወንዝ ተመለከቱ።

«አያናስ?»

«በጥቅምት አረፈ» አለች ሃዋኒ። ሲንቄ ሻሻቸውን ፈትተው መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ ለረጅም ጊዜም አለቀሱ። ከዚያ ሃዋኒን ከጎናቸው አስቀመጧት።

«ባሌ ሆርዶፋና አያትሽ አብረው ተማርከው ባንድ ሰሌን ላይ ሲተኙ ኖሩ። በስድስተኛው ዓመት ንዳድ ገደለው። ሊሞት ሲል ‹መሬቴ ጦም እንዳያድር› አለው። አያና ያንን ይዞ መጣ። ልጄ አድጎ ማረስ ከቻለ በኋላ እንኳ ‹የላይኛዋን ማሳ ለኔ ተዉልኝ› ይል ነበር። አርሶ ሲጨርስ ስለ ባሌ አንድ ነገር ይነግረኛል፤ በዓመት አንድ ብቻ። ‹ሁሉን ባንዴ ከነገርኩሽ ይሞትብሻል› ይለኝ ነበር።»

«ለአኮስ ለምን አልነገራትም?»

«ጠይቄዋለሁ። ‹እሷ ቤት ስገባ ነው ከእስር የምፈታው፤ እስር ቤቱን እዚያ አላስገባውም› አለኝ።»

ሃዋኒ ቀና ስትል የላይኛዋን ማሳ ሣር ለብሳ አየቻት። ሌላው ሁሉ ታርሷል።

«በሬዎቹን አምጣልኝ» አለችው ቶኩማን።

«ሴት እርፍ አትጨብጥም!»

«ዝም ብለህ ጥመድላት!» አሉ ሲንቄ።

ማረሻው ድንጋይ ሲመታ ክንዷን ሊገነጥለው ደረሰ። በሬዎቹ ወዳሻቸው ይጎትቷታል፤ መዳፏ ደማ። አንድ ትልም አውጥታ ዳር ስትደርስ ቶኩማ እርፉን ተቀበላትና የቀረውን አረሰው። ማታ ሲንቄ አንድ ታሪክ ብቻ ነገሯት። አያና ንዳድ የያዘውን ሆርዶፋን አርባ ቀን በጀርባቸው እያዘሉ ፀሐይ ያሞቁት ነበር፤ ጉልበታቸው ተሰብሮ አንካሳ የሆኑትም ያኔ ነው።

«ሌላውንስ?»

«ለከርሞ ሰኔ።»

አምቦ ስትመለስ ሃዋኒ ሁሉንም ለወይዘሮ መቲ ነገረቻቸው። አሮጊቷ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ማሳዋ ታረሰች?» አሉ ከነጠላቸው ሥር።

«ታርሳለች፣ አኮ። የኔ ትልም ግን ጠማማ ነው።»

ወይዘሮ መቲ የቆሰለውን መዳፏን ይዘው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ተነሱ።

«ጌሾ ካሁኑ ግዢ፤ ለጥቅምት ተዝካሩ ይደገሳል። ለሲንቄም ላኪባት። መጥታ ከጎኔ ትቀመጥ።»