የትንሹ ልጅ «ደረስኩ»

የበኩር ልጃቸው ከደረጃው ሥር ወድቆ ተገኘ። አንገቱ ተሰብሯል። ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተቀዷል። ሰው ጨምድዶ ይዞት ነበር።

ፎቅ ላይ የሚኖረው ተከራይ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ በዋዜማው ከሟች ጋር በመብራት ቆጣሪ ተጣልቷል። ይህን ለፖሊስ የነገሩት እናትየው ናቸው። ሰውየው ታሰረ።

ከሳምንት በኋላ መርማሪዋ ቤታቸው መጣች። ሳል ይዟታል። እናትየው የራሳቸውን ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠመጠሙላት።

«በዚህ ብርድ እንዲህ ተራቁተሽ? እናት የለሽም?»

«አለችኝ እማማ፤ እንደ እርስዎ ትቆጣኛለች። ትንሹ ልጅዎ የዚያን ዕለት የት ነበር?»

«እሱማ ኑሮው ሌላ ከተማ ነው። ዛሬ እኔን ሊወስደኝ ይመጣል። በመኪና ሲኬድ ተውሎ ነው የሚደረሰው።»

«በአውሮፕላንስ?»

ሻርፑን ደግመው አጠበቁላት። «ስለ አየር እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ከማረፊያ ማረፊያ አንድ ሰዓት ነው፣ እማማ። ያን ጠዋት ደውሎልዎት ነበር። ምን አለዎት?»

«‹ደረስኩ› አለኝ። አደራ፣ የሱን ‹ደረስኩ› እንዳታምኚ። ‹ደረስኩ› ሲል ገና ካልሲውን እየፈለገ ነው። የገዛ ሠርጉ ቀን ‹ደረስኩ፣ ደረስኩ› እያለ ሙሽራይቱን ፀሐይ ላይ አቁሟት ዋለ።»

መርማሪዋ ሳቀች። እናትየውም ሳቁ።

«ታዲያ መቼ መጣ?»

«መርዶውን ሰምቶ፣ ማታ ነዋ። ልጄን፣ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ፣ እህል አልቀምስ ብሎ...»

«ሲመለስ?»

እናትየው ሻርፑን ሊያጠብቁላት እጃቸውን ዘረጉ።

«‹ሲመጣ› አላሉም። ከየት ነው የተመለሰው?»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። እናትየው ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ከላይ የተከራዩ ሚስት ሕፃን ታባብላለች። አባቱ ከታሰረ ወዲህ ሕፃኑ እንቅልፍ አጥቷል። እሳቸውም።

«ያን ጠዋት እውነቱን ነበር» አሉ። «አንድ ቀን እውነት ቢናገር ለዚህች ሆነ። ‹ቤቱ ይሸጥ› አለ። ትልቁ ‹እናታችን ሜዳ ላይ ትውደቅ?› ብሎ ደረጃው ላይ ቆመበት። ትንሹ ደረቱን ይዞ ገፈተረው። ሊገድለው አልነበረም።»

«እርስዎስ?»

«ሂድ አልኩት። በመጣህበት ተመለስ፣ ማታ መጥተህ አብረኸን አልቅስ፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ማንም አይጠረጥርህም አልኩት። አንዱን አፈር በላብኝ። ሌላውን በእጄ ልስጥ?»

መርማሪዋ ሻርፑን ፈታ ጭናቸው ላይ አስቀመጠች።

ስልኩ ጠራ።

«እማዬ፣ ደረስኩ» አለ ትንሹ።

ከበስተጀርባው የመንገደኛ ጫጫታ የለም። ቧንቧ ይንጠባጠባል። ገና ከቤቱ አልወጣም። ‹አትምጣ› ማለት አንድ ቃል ናት። እናት ናቸው፤ ቃሏ ምላሳቸው ላይ ቆየች።

ከላይ ሕፃኑ አለቀሰ።

«ካልሲህን ፈልግና ና፣ ልጄ» አሉት። «በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አይደል? እጠብቅሃለሁ።»