ሦስተኛው ማዞሪያ

«አሁንስ?» አለ አባቷ፣ የአዲሱን የጊታር ፔዳል ሦስተኛ ማዞሪያ በሁለት ጣቱ ይዞ በስሱ ወደ ቀኝ እያዞረ። «ልዩነቱ አይሰማሽም?»

ሚጢ ጊታሩን ታቅፋ የተከመረ ጣውላ ላይ ተቀምጣለች። ክሮቹን አንዴ ከላይ እስከ ታች መታቻቸው። ከአምፕሊፋየሩ የወጣው ድምፅ ቅድም የወጣው ራሱ ነው፤ የፀጉር ያህል እንኳ ለውጥ የለውም። ሊኖረውም አይችልም፤ ሦስተኛው ማዞሪያ በውስጥ በኩል ከምንም ነገር ጋር አልተያያዘም። ይህንን ደግሞ ከአባቷ በቀር በዚያች የአናጺ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

«ይሰማኛል» አለች። «ትንሽ… ጠራ።»

«ጠራ! አላልኳችሁም?» አባቷ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ጆሮ ማለት የሷ ነው። የእናንተ እኮ ለመነጽር ማንጠልጠያ የተሰጠ ነው።»

ጋሽ ፔዳል ከልክ በላይ ሳቀ። ጋሽ ቤዝ የጫማውን ጫፍ እያየ ጉሮሮውን ጠረገ።

ሦስቱ ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚህ መሰብሰብ የጀመሩት ሚጢ ከመወለዷ በፊት ነው። አባቷ አናጺ ነው፤ ዋናውን ዜማ የሚጫወተው እሱ ነው። ጋሽ ቤዝ የታክሲ ሹፌር ሲሆን ቤዝ ጊታሩን እንደ መኪና መሪ ጨምድዶ ስለሚይዘው «ኧረ ፍሬን ያዝ!» እያሉ ይቀልዱበታል። ጋሽ ፔዳል ፋርማሲ አለው። እሱ ከመጫወት ይልቅ ስለ ዕቃው ማውራት ይወዳል። በእግር የሚረገጡትን የድምፅ መቀየሪያ ሳጥኖች ይገዛል፣ ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ከሚስቱም ይደብቃል። ሲያዝ «የድሮው እኮ ነው፣ ቀለም ቀብቼው ነው» ይላል። ሚስቱ አንድ ቀን «ይሄ የድሮ ፔዳል መንታ መንታውን ነው እንዴ የሚወልደው?» አለችው ይባላል። ከሦስቱ በሙዚቃ ኑሮውን የገፋ የለም። ግን ስለ አንድ ገመድ ጥራት ክርክር ከገጠሙ ፀሐይ ትጠልቅባቸዋለች።

ችግሩ የመጣው የአባቷ ጊታር ጆሮ መውጋት ሲጀምር ነው። እሱ «ይሄ አምፕ ታፍኗል» እያለ ቀጭኑን ድምፅ የሚጨምረውን ማዞሪያ በየሳምንቱ ወደ ላይ ሲገፋ፣ ድምፁ ጓደኞቹን ጥርስ የሚያፋጭ ሆነ። ሰዎቹም የዕቃ ሰዎች ናቸውና ዕቃውን ጠረጠሩ። መጀመሪያ ገመዱን ቀየሩ። ቀጥሎ ክሮቹን፣ ከዚያ ስፒከሩን፣ በመጨረሻም አምፕሊፋየሩ ውስጥ እንደ አምፑል ቀልተው የሚበሩትን ቱቦዎች። አባቷ በእያንዳንዱ ለውጥ «አሁን ገና ተሻለው!» ይልና በሳምንቱ ማዞሪያውን እንደገና ይገፋዋል። ራሱን ያመመው ሰው ኮፍያ ሲቀያይር እንደመክረም ነው።

ጋሽ ፔዳል ነገሩ ገብቶት ሚጢን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፋርማሲው ውስጥ አስቀመጣት። ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቆ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አባትሽ ቀጫጭኑን ድምፅ መስማት ትቷል። የመጋዙ ጩኸት ነው ጆሮውን የበላው።»

ሚጢ ክው አለች። ሳታውቀው ቀርታ አልነበረም፤ አምፕሊፋየሩ ባዶውን ሲበራ የሚያሰማውን ስስ ፉጨት እሱ እንደማይሰማው ካየች ቆይታለች። በቃል ሲነገር ግን ሌላ ነው።

«ታዲያ ለምን አይነግሩትም?»

«እንዴት ብዬ? እጅህ ደከመ ያልሽው ሰው ልምምድ ይጨምራል። ጆሮህ ሄደ ያልሽው ሰው ጊታሩን ይሰቅላል። አባትሽን ካንቺ በፊት ነው የማውቀው፤ ቅዳሜን ከወሰድሽበት ምን ይቀረዋል?» ከባንኮኒው ስር አንዲት ሰማያዊ ሳጥን አወጣ። «ይቺን ሠርቼለታለሁ። ውስጧ የሚወጋውን ድምፅ ቆርጣ ታስቀራለች። ‹ጥራት› የሚለው ማዞሪያ ግን ለዓይን ነው፤ እሱ እንዳሻው ያዙረው። የምንጫወትበት የቤዝ ልጅ ሰርግ ይለፍልን ብቻ።»

«እና እኔ ምን ላድርግ?»

«እሱ የሚያምነው ያንቺን ጆሮ ነው። ሲጠይቅሽ ‹ይሰማኛል› በዪው። በቃ።»

«ውሸት ነው እኮ ጋሼ።»

«ውሸት አይደለም» አለ ጋሽ ፔዳል፣ መድኃኒት ሲሸጥ በሚናገርበት በዚያ በረጋ ድምፁ። «ማስታገሻ ነው።»

ሚጢም አመነችው። ማመኑ ከሌላው ነገር ሁሉ ይቀል ነበር።

ማስታገሻው ሠራ። የዚያን ቅዳሜ ማታ አባቷ ሰማያዊዋን ሳጥን ይዞ ወደ ቤት ገባ፤ ራት እስኪቀርብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሲያያት ቆየ። እናቷ ከጓዳ ሆና ጠራችው። ደግማ ጠራችው። ከዚያ ሳህኑን ራሷ ይዛ መጥታ ፊቱ አኖረችው።

«ጆሮ ዳባ ልበስ ካልክ እኮ ቆየህ» አለችው። «ለጊታር ሲሆን ጆሮ አለህ፤ ለኔ ሲሆን የለህም።»

እሱ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል። እናቷ አልሳቀችም።

በሳምንቱ አጋማሽ ጣውላ የጫነ መኪና መጣ። አባቷ ለመኪናው ጀርባውን ሰጥቶ በር ላይ የሚለካ ነገር ይለካል። መኪናው ወደ ኋላ ሲመጣ የሚያሰማው ቀጭን ጩኸት ሰፈሩን አናግቶታል፤ ውሻው ሳይቀር ተነስቶ ሸሽቷል። አባቷ ሜትሩን ዘርግቶ ቆሟል። ሚጢ ደብተሯን ጥላ ሮጠችና ሸሚዙን ይዛ ጎተተችው። የመኪናው የኋላ ብረት እሱ ቆሞበት የነበረውን በር ገጭቶ ቆመ።

«ጡሩምባ እንኳ አይነፋም እንዴ ይሄ ሰው!» ብሎ ጮኸ አባቷ።

«ኧረ ጋሼ!» አለ ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «እስኪሰነጠቅ ነው እኮ የጮኸው!»

«አይ የሾፌር ነገር» አለ አባቷ። በሩን ፈትሾ፣ ሚጢን ጸጉሯን አሻሽቶ፣ ወደ መጋዙ ተመለሰ። የጆሮ መከለያው ምስማር ላይ አቧራ ለብሶ እንደተንጠለጠለ ነው። «መጋዙን ካልሰማሁት እንጨቱ ምን እንደሚለኝ በምን አውቃለሁ?» ነው የዘወትር መልሱ። መጋዙ ጮኸ። የቀረው የመስማት አቅሙም እየተበላ መሆኑን ሚጢ ቆማ አየች።

በማግስቱ የሒሳብ መምህሯ የተናገሩት አንድ ቃል አልገባትም። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረት በአእምሮዋ ይዞርባት ነበር። ሁልጊዜ ስለ ሐሜት የሚነገር ይመስላት ነበር፤ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው ለማለት። አሁን ግን የአባቷ ጆሮ ለራሱ ባዳ ሆኖበት ታያት፤ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። በጋሽ ፔዳል ተናደደች፤ ከሱ ይልቅ ግን በራሷ። የሚወዱት ሰዎች ተሰብስበው አሞኙት፤ ማኅተሙን የመታችው ደግሞ እሷ ናት። ብትነግረው ጊታሩን ይሰቅል ይሆናል። ባትነግረውስ? የትናንቱ መኪና ቆመ። ሌላው ላይቆም ይችላል።

የሰርጉ ዋዜማ ቅዳሜ ነበር። ሌሎቹ ሳይመጡ አባቷ ሰጋቱራውን ጠርጎ፣ ዕቃውን ሰካክቶ ጠበቃት።

«ነይ እስቲ» አላት። «ነገ ‹ጥራት›ን የት ላይ ልተወው? ጋሽ ፔዳል መሀል ላይ ይላል። እኔ ትንሽ ከፍ ቢል እላለሁ። አንቺ ፍረጂ።»

ሚጢ እጆቿን ጭኖቿ ስር ከተተች። «አባዬ፣ እንዳትቆጣ።»

«ምን ሰበርሽ?»

«ምንም አልሰበርኩም። ማዞሪያው… የትም ብታደርገው አንድ ነው። ከምንም ጋር አልተገናኘም።»

«ሙድ አትያዢብኝ እንግዲህ» አለ እየሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁን ተወው። ጠመንጃ መፍቻ አንስቶ የሳጥኗን አራት ብሎኖች ፈታና ገለበጣት። ከሁለቱ ማዞሪያዎች ቀያይና ጥቋቁር ሽቦ ይወጣል። የሦስተኛው እግሮች ባዷቸውን ቆመዋል።

አባቷ አንገቱን ነቀነቀ። «ይሄ ሰውዬ! ሽቦውን መበየድ ረስቶት ነው እኮ! ቆይ፣ አሁን አገናኘዋለሁ።» መበየጃውን ሊሰካ እጁን ዘረጋ።

«አልረሳውም፣ አባዬ።»

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

ሁሉንም ነገረችው። የፋርማሲውን ወሬ፣ ፉጨቱን፣ የመኪናውን ጩኸት። ቃላቱ እየተደናቀፉባት ወጡ። እሱ ሳጥኗን ትክ ብሎ እያየ ሰማት።

«እኔ ግን ሰምቼዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ወደ ቀኝ ሳዞረው… ሲጠራ ሰምቼዋለሁ እኮ።»

«እኔ ‹ይሰማኛል› ስላልኩህ ነው የሰማኸው» አለች ሚጢ። እንባዋ መጣ። «ይቅርታ።»

አባቷ ማዞሪያዋን ወደ ቀኝ አዞራት፣ ወደ ግራ አዞራት።

«እናትሽም ታውቃለች?»

«እሷ አታውቅም። እሷ ዝም የምትላት ነው የሚመስላት። ስትጠራህ።»

እዚህ ላይ አጠገቧ ጣውላው ላይ ተቀመጠ። ስለ ጊታሩ፣ ስለ ጓደኞቹ ሲሰማ ያልተለወጠ ፊቱ አሁን ተለወጠ። ሚጢ ጊታሩን ይሰቅላል ብላ ጠበቀች።

እሱ ተነስቶ ሰማያዊዋን ሳጥን ከመስመሩ አወጣት። የጊታሩን ገመድ በቀጥታ አምፕሊፋየሩ ላይ ሰካና የሰርጉን ዜማ መጀመሪያ መታ።

«እውነቱን ንገሪኝ። እንዴት ነው?»

«ይወጋል።»

የቀጭኑን ድምፅ ማዞሪያ ቀነሰው። መታ።

«አሁንም ይወጋል።»

ቀነሰው። መታ። ቀነሰው። በመታ ቁጥር ግንባሩ ይኮማተራል።

«እዚህ ጋ» አለች ሚጢ። «እዚህ ጋ አሪፍ ነው። በጣም አሪፍ ነው፣ አባዬ።»

«ለኔ ሞቷል» አለ። «ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚዘፍን ሰው ነው የሚሰማኝ።»

«ለኛ ግን አሁን ነው ያማረው።»

እጁ ወደ ማዞሪያው ሄደ። ጣቶቹ ጫፉን ነኩት፣ ሊገፉት ፈለጉ። ከዚያ እጁን መለሰና ዜማውን ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ጣቶቹን እያየ፣ ለራሱ ጥሩ የማይሰማውን ድምፅ በጥንቃቄ እየተጫወተ። ቤቱ ውስጥ ያን ያህል ያማረ ድምፅ ሰምታ አታውቅም።

ሁለቱ ጓደኞቹ የገቡት በዚህ መሀል ነው። ጋሽ ፔዳል ሆዷ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችውን ሳጥን ሲያይ ደርቆ ቀረ። ዓይኑ ወደ ሚጢ ሄደ። እሷ ዓይኗን ከሱ ላይ አላነሳችም።

«ስማኝ እኔ እኮ…» ብሎ ጀመረ።

«ነገ ሰርግ ነው» አለ አባቷ፣ መጫወቱን ሳያቆም። «ሰኞ እንጣላለን።»

«ሰኞ አይሆንም» አለች ሚጢ። «ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ አንተና እኔ ጆሮ ሐኪም ጋ ነን።»

ጊታሩ ቆመ። ሦስቱም ሰዎች አዩዋት። ፊቷ ጋለ፤ ግን ቃሏን አላጠፈችም።

አባቷ ጊታሩን አስተካከለ።

«እሺ» አለና ወደ ጋሽ ፔዳል ዞረ። «ማክሰኞ እንጣላለን።»

ጋሽ ቤዝ ጊታሩን ከቦርሳው አውጥቶ ሰካ። ሚጢ ወንበር ስባ አባቷ ቀና ሲል ድምፁ ማማሩን ከፊቷ ሊያነብ በሚችልበት ቦታ ላይ ተቀመጠች።