የሙሽራ ፍራሽ

የሱንዱስ አባት ሱቁ ውስጥ ሊሞክሩት የተጋደሙበት ፍራሽ ውስጥ ሰምጠው ቀሩ።

ጋደም ሲሉ መጀመሪያ ወገባቸው ገባ፣ ከዚያ ትከሻቸው ተከተለ፤ በመጨረሻ ከላይ የቀሩት ጢማቸውና ወደ አየር የተዘረጉት ሁለት እጆቻቸው ነበሩ። ትራስ ሲመርጡ የነበሩ ሁለት ሴቶች ፊታቸውን አዞሩ። እንዳይስቁ ነው። ሱንዱስ ግን የሚንቀጠቀጠውን ትከሻቸውን አየች፤ ቂምም ያዘች።

«እንዴት ነው አባቴ? ደመና አይደለም?» አለ ሻጩ።

«ደመናስ ደመና ነው» አሉ አባቷ ጣሪያውን እያዩ። «መውረጃው በየት በኩል ነው?»

አንድ እጃቸውን ሱንዱስ፣ ሌላውን ታላቅ እህቷ ናጂያ ይዘው ጎትተው አወጧቸው። ጋሽ ሞስባህ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቀይረዋን ቱኒስ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። መንገዱ ወገባቸውን በላው፤ እርጅናው ደግሞ ዳሌያቸውን ጨመረበት። ስለ መቀመጫና ስለ መነሻ ማንም አያስተምራቸውም። ጥግ ላይ የተጣለውን ጠንካራ ፍራሽ በጡጫቸው መታ መታ አድርገው፣ ይሄኛው ሰው ያስነሣል አሉ። ሻጩ ፈገግ ብሎ እሱ እንኳ ለዘበኞች የሚወስዱት ነው አለ። ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ። ናጂያ አባቷን የዘበኛ ፍራሽ ላይ አታስተኛም።

ናጂያ ክፉ አይደለችም። እናታቸው ከሞተች ወዲህ በየማታው ድስት ተሸክማ የምትመጣው እሷ ናት። ግን ለናጂያ ፍራሽ ማለት ጠያቂ ገብቶ የሚያየው ነገር ነው። ወፍራሙን፣ ጠርዙ በወርቃማ ክር የተሰፋውን መረጠች። ሻጩ ላስቲኩ ካልወጣ ዐሥር ዓመት ዋስትና አለው ሲል አባቷ ቀና ብለው አዩት።

«ዋስትናው ለማን ነው? ለእኔ ከሆነ አሁኑኑ ልፈርም።»

ሱንዱስ ብቻ ሳቀች። ከዚያ እህቷን ወደ ጎን ሳብ አድርጋ፣ «እትዬ፣ መነሣት እኮ አልቻሉም። አየሽ አይደል?» አለቻት።

«ይለምዱታል» አለች ናጂያ ቦርሳዋን እየከፈተች። «ደግሞ አንቺ አለሽ አይደል እንዴ።»

አንቺ አለሽ። ይቺን ቃል ሱንዱስ ታውቃታለች። ከሦስት ዓመት ወዲህ በቤታቸው ማንኛውም ነገር የሚዘጋው በእሷ ነው፤ እንደ በር።

ፍራሹ ገባ፤ ላስቲኩም አልወጣም። በዚያው ሳምንት የሚያቃጥለው የበረሃ ነፋስ ተነሣ። አባቷ ሲገላበጡ ላስቲኩ ያንቋርራል፤ ሱንዱስ አንሶላ ብታነጥፍበት አንሶላው ከነአባቷ ይንሸራተታል። ሽንት ቤት መሄድ ሲፈልጉ ይጠሯታል፤ ክንዳቸውን አንገቷ ላይ ታደርጋለች፤ ጉልበቷን አልጋው ጠርዝ ላይ አስደግፋ ትስባለች፤ አንዳንዴ እሷም ተከትላ ትገባለች። ከቤት ብትወጣ ማን ይስባቸዋል? ዳቦ ለመግዛት እንኳ እንደ ሌባ ሮጣ ነው የምትመለሰው።

ጓደኛዋ ረንዳ ለትምህርት ዕረፍት ከሄደችበት የአጎቷ ቤት፣ ከማህዲያ፣ የባሕር ፎቶ ላከችላት። አሸዋው ላይ ለሱንዱስ የሚሆን ባዶ ፎጣ አንጥፋለች። «ነይ እንጂ! ምን እየሠራሽ ነው?» የሚል ጽፋበታለች።

«ጥበቃ ተቀጥሬ» ብላ ጻፈች ሱንዱስ።

«የምን ጥበቃ?»

«የፍራሽ።»

ረንዳ የሚስቁ ፊቶች ደርድራ ላከች። ሱንዱስ ስልኩን በሆዱ አስተኛችው።

በዚያው ቤት፣ ከግቢው ማዶ ባለችው ትንሽ ክፍል፣ ሌላ ፍራሽ አለ። ሳጥን ላይ ተጋድሞ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። እናቷ ሱንዱስ ከተወለደች ጀምሮ በየዓመቱ በጎች ሲሸለቱ ምርጥ ምርጡን ጠጉር ገዝታ፣ አጥባ፣ በፀሐይ አድርቃ፣ አባዝታ የሞላችው ነው። የሙሽራ ፍራሽ ይባላል። ናጂያ የእሷን ይዛ ሄዳለች፤ ይሄ የሱንዱስ ነው። ማንም አይቀመጥበትም። ድመት እንኳ ጫፉ ላይ ብትወጣ በጫማ ነው የምትባረረው። ሱንዱስ ገና ባል የላትም፤ ባሏ ግን የሚተኛበት አለው።

አባትና እናቷም ዕድሜያቸውን የተኙት በእንደዚህ ያለ ፍራሽ ላይ ነበር። የተተኛበት የበግ ጠጉር ሰው ይፈልጋል፤ በየበጋው ተተርትሮ፣ ታጥቦ፣ ተባዝቶ ካልተመለሰ ድንጋይ ይሆናል። እናቷ ስትሞት የሚያጥበው ጠፋና ድንጋይ ሆነ፤ ናጂያ አውጥታ ጣለችው። በምትኩ የመጣው ስፖንጅም መሃሉ ጎድጉዶ እንደ ገንዳ ሆነ። ከገንዳው አውጥተው ነው እንግዲህ ደመናው ውስጥ የከተቷቸው።

አንድ ከሰዓት ሱንዱስ በአባቷ በር ስታልፍ ነገሩን አየች።

ጠዋት ጠዋት የምትሞላላቸው የውሃ ማሰሮ ሁልጊዜ ባዶ ሆኖ ታገኘው ነበር። በዚህ ሙቀት መጠጣታቸው ደስ ብሏት ነበር። አሁን ግን አባቷ በተኙበት ብርጭቆውን ሞልተው፣ ክንዳቸውን ወደ መስኮቱ ዘርግተው፣ እዚያ በሸክላ የተተከለው በሶብላ ላይ ቀስ አድርገው አፈሰሱት። ሁለተኛም ሞሉ። እሱንም ደገሙት። የሰፈሩ በሶብላ ሁሉ ነፋሱ አቃጥሎት እንደ ሻይ ቅጠል ሲረግፍ፣ የእነሱ ብቻ ለምልሞ የሚያበራበት ምክንያት ያኔ ገባት። ሰሞኑን ስታነሣቸው ራሳቸውን የሚያዞራቸው፣ ከንፈራቸውም የተሰነጠቀው ለዚህ ነው።

ገባች። ብርጭቆውን ከእጃቸው ተቀበለች።

«በሶብላው ደርቆ ነበር» አሉ።

«አባባ።»

 ላስቲኩ አንቋረረ። ከዚያ ጣሪያውን እያዩ፣ «ልጄ፣ ሰው የጠጣውን ያህል ይነሣል» አሉ። «እኔ ደግሞ የምነሣው በአንቺ ወገብ ነው። ባለ አንድ ወገብ ቤት ነው ይሄ። የእኔን ጨርሻለሁ።»

ሱንዱስ ምላስ የማይጠፋት ልጅ ናት። በክፍሏ አስተማሪዎቹ እንኳ ከእሷ ጋር ክርክር ሲገጥሙ አስበውበት ነው። ያን ቀን ግን ብርጭቆውን ሞልታ መልሳ ሰጠቻቸው። እዚያው ቆማ እስኪጠጡ ጠበቀች፤ ለእሷ ደስታ ሲሉ ግማሹን ጠጡ።

ማታ ናጂያ ድስቷን ይዛ መጣች። ሱንዱስ ወጥ ቤት ውስጥ ሁሉንም ነገረቻት፤ ፍራሹን እንመልሰው አለች። ሰው የተኛበትን ማን ይቀበላል አለች ናጂያ። እንግዲያው የእኔን እንፍታላቸው ስትል ናጂያ ማንኪያውን አስቀመጠች።

«በገዛ እጇ የሙሽራ ፍራሽ የፈታች ልጅ ቤት እንደተቀመጠች ትቀራለች። ሲሉ አልሰማሽም?»

«አሁንስ የት ነው ያለሁት?»

«ይሄን ምላስሽን የሚያገባ ሰው ይኑር እስቲ!» አለች ናጂያ። ወዲያው ግን ድምፅዋ ወረደ። «እማዬ እጄን ይዛ አስምላኛለች፤ የሱንዱስን ማንም እንዳይነካው ብላ። አንቺ ክፍሉ ውስጥ አልነበርሽም።»

ሱንዱስ የእህቷን ፊት አየች። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በየማታው ሁለት ቤት ታበስላለች፤ ይባስ ብሎ የሞተች ሴት እጅ እስከ ዛሬ አልለቀቃትም። ልትመልስላት የነበረውን ዋጠችው። አባቷንም ጠየቀቻቸው፤ እንደዚያው ናቸው። ያ የእናትሽ እጅ ነው፤ ሰው በልጁ ዕድል ላይ አይተኛም አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ለማዞር ሞከሩ። መዞርም ያለ እሷ አልሆነላቸውም። ዐይኗን እያሸሸች አዞረቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት አባቷን አንሥታ ግቢው ጥላ ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ተመልሳ ክፍላቸው ገባች። በሩን ገርበብ አድርጋ አዲሱ ፍራሽ ላይ ተጋደመች። እሷንም ዋጣት። ጉልበቷን ሳታጥፍ፣ ዳሌዋን ሳታዞር፣ እንደ እሳቸው ሆና ልትነሣ ሞከረች። እጇ የሚይዘው አጣ። ላስቲኩ ጀርባዋ ላይ ተጣበቀ። ጣሪያው ላይ ከአምፖሉ ጀምሮ እስከ መስኮቱ የሚሄድ ስንጥቅ አለ፤ እስከ ዛሬ አላየችውም ነበር። አባቷ ቀኑን ሙሉ የሚነዱት መንገድ እሱ ነው ማለት ነው። አጭር መንገድ ነው፤ ደርሶ መመለስ ብቻ።

በጉልበቷ ተገልብጣ ወጣች፤ ግቢውን አቋርጣ ትንሿ ክፍል ገባች። ነጩን ጨርቅ ገለጠች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ፍራሽ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያም ተጋደመች። አልዋጣትም። ትንሽ ዝቅ አለላትና እዚያው ቆመ፤ ልክ፣ ይበቃሻል፣ ከዚህ በታች ወለል ነው እንደሚል ሰው። ጉልበቷን እንዳቃናች በአንድ እጇ ገፋ አደረገችውና ተነሣች።

ቆማ አሰበች። ይህን ፍራሽ ከፈታች በየበጋው የሚፈታው፣ የሚያጥበው፣ የሚያባዝተው ማን እንደሆነ ታውቃለች። ማህዲያ ከዚህ ግቢ አትቀርብም። ሰፈሩም ያወራል፤ እነዚያ የትራስ ሴቶች ደግሞ አፍ አላቸው። ናጂያ ምን እንደምትሆን ለማሰብ እንኳ አልፈለገችም። አንዱ በር ቢከፈት ሌላው እንደሚዘጋ አልጠፋትም። ግን አባቷ ጎናቸውን በራሳቸው እጅ ገፍተው የሚነሡ ከሆነ፣ ውሃ ይጠጣሉ።

ፍራሹን እየጎተተች ግቢው መሃል አወጣችው፤ ምንጣፍ ላይ አጋደመችው። ምላጭ ይዛ ተንበረከከች። ጠርዙ በቀይ ክር ተሰፍቷል፤ የእናቷ ስፌት ነው፣ ጥቅጥቅ ያለና ቀጥ ያለ። ምላጩን አስቀመጠችው። በጣቷ ጫፍ ቋጠሮውን ፈታችና ክሩን እያወጣች በአውራ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው፤ መልሳ የምትሰፋበት እሱው ነው። አፉ ተከፈተ። ጠጉሩ ቀስ ብሎ፣ ታፍኖ እንደቆየ ሰው ተነፈሰና ወጣ። በግና ሳሙና ይሸታል።

አባቷ ከወንበራቸው ሆነው ያያሉ። 

«በገዛ እጅሽ?»

«በገዛ እጄ።»

«እናትሽ...» ብለው ጀመሩና ተዉት።

ሱንዱስ ዐይኗን አላነሣችም። ፍራሹ ለሁለት ሰው የተሰፋ ነው፤ የአባቷ አልጋ ጠባብ ነው። ለእሳቸው የሚሆነውን በዓይኗ ለካችና ወደ አንድ ጎን ከፈለችው። የተረፈው ለአንድ ሰው ይበቃል። ለራሷ አልጋ ይሆናል። የእሷም ስፖንጅ ከተጎደጎደ ቆይቷል፤ ማንም ግን አልጠየቃትም።

«ወዲህ በይው» አሉ አባቷ።

«ምኑን?»

«ጠጉሩን። አፌን ከፍቼ ልይሽ እንዴ? እናትሽ ሾፌር እጁ ቤንዚን ቤንዚን ይላል ብላ አታስነካኝም ነበር። አሁን ምን እሸታለሁ፤ በሶብላ።»

አንድ እቅፍ ጭናቸው ላይ አደረገችላቸው። በወፍራም ጣቶቻቸው ቆንጠር እያደረጉ ማባዘት ጀመሩ። በደንብ አልሠሩትም፤ እሷም አላረመቻቸውም።

የውጭው በር ተንኳኳ። አንኳኳቱን ሁለቱም ያውቁታል፤ በቀለበት ነው። ናጂያ ጠዋት መጥታ አታውቅም፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳት ይሆናል። ግቢው ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ነው። የሚሸፈንበት ጊዜም የለም፤ ሱንዱስም ልትሸፍን አልሞከረችም። ክሩን ከአውራ ጣቷ ላይ ሳታወርድ ተነሣች።

«ሱንዱስ» አሉ አባቷ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ። «መጀመሪያ ውሃ ስጪኝ።»

በሩ እንደገና ተንኳኳ። እሷ ወደ ማሰሮው ሄደች፤ ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞላችና በእጃቸው አስያዘቻቸው። ጠጥተው እስኪጨርሱ አጠገባቸው ቆመች። ከዚያ በሩን ልትከፍት ሄደች።