ኡምዳ ሲሞቀው

አዞው ዓሣውን ብቻ ቢወስድ ምንም አልነበረም። ዓሣው የተሰካበትን ዱላ ጭምር ከደሂባ እጅ መንጭቆ ገንዳው ውስጥ ገባ። ውሃው ግድግዳው ላይ የተሳሉትን ቢጫ አበቦች ሳይቀር አራሳቸው። ደሂባ በቂጧ ቁጭ ብላ ቀረች።

«አንተ ኡምዳ! ምን ነካህ ዛሬ?»

አባቷ ጣሪያው ላይ ቴምር ሊያሰጣ ወጥቶ ነበርና ሳቁን ለቀቀው። «ሞቀዋ! ብርዱ እኮ ለቀቀው። ከእንግዲህ ረጅሙን ዱላ ነው የምትይዢው፣ የገንዳውን ፍርግርግ መዝጋትም እንዳትረሺ።»

ኡምዳ የሚለው ስም የመንደር ሹም ማለት ነው። ያወጣለት አባቷ ነው፤ ሆዱ ቁርጥ የሹማችንን ሆድ ነው ይላል፣ ሹሙ በሌሉበት። ከግብፅ አስዋን ከተማ ማዶ ባለው በዚህ የኑቢያ መንደር አዞ የሌለው ቤት አገር ጎብኚ አይገባበትም። የነደሂባ አዞ የሚኖረው ግቢው መሀል ባለ የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ሲሆን፣ እሱን ማብላትና ገንዳውን ማጠብ የደሂባ ሥራ ነው።

ዛሬ ግን ሌላ ጭንቅ ነበረባት። በዚያ ብርድ ሰሞን አንድ ቀን ፍርግርጉን ከፍታ የኡምዳን አፍንጫ ስትደባብስ፣ ጓደኛዋ ሻያ በስልኳ ቀረጸቻት። አዞው ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ደሂባም ጉራው መጣባትና «እኔን ያውቀኛል፣ ይወደኛል» አለች። በማግስቱ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ቪዲዮውን አይቶት ነበር። መምህራን እንኳ ስሟን የሚረሱት ዝምተኛዋ ልጅ፣ በአንድ ጀንበር «የአዞ ንግሥት» ተባለች። እውነት ለመናገር ደስ ብሏት ነበር። በጣም ደስ ብሏት ነበር! ደግሞም የምር ይወደኛል ብላ አምና ነበር። ለካ ኡምዳ ሆዬ በብርድ ደንዝዞ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሻያ የክፍሉን ግማሽ አስከትላ ከች አለች።

«በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ! ንግሥታችን አሁን ታሳያችኋለች!»

ደሂባ እጇን ይዛ ወደ ጥግ ሳበቻት። «ሻያ፣ ዛሬ ይቅር። ጠዋት ዱላውን ከእጄ ነጠቀኝ።»

«ኧረ ባክሽ! ስንቱን ሰው ጎትቼ አምጥቼ? አታዋርጂኛ!»

«እጄን ቢበላውስ?»

«ሁለት አለሽ አይደል?» ሻያ በራሷ ቀልድ ሳቀች፤ ደሂባ ግን አልሳቀችም።

«ፎገራ ነው እንዴ?» አለ ከኋላ ሳብሪ የሚባል ልጅ፣ ለማላገጥ የማይደክመው። «ቪዲዮው ላይ ያለው አዞ ጎማ ነው ብዬ ነበር እኮ!»

ሁሉም ሳቁ። የደሂባ ጆሮ ጋለ። ጭራውን ብቻ ነካ አድርጌ ቶሎ ብመለስስ፣ አለች በልቧ። ጭራ ምን ያደርጋል? ፍርግርጉን ልትከፍት ጎንበስ ስትል አንዲት ትንሽ እጅ ቀሚሷን ጎተተቻት።

የስድስት ዓመቱ ወንድሟ በሺር ነበር። የጀለቢያውን እጅጌ እስከ ትከሻው ሰብስቧል።

«ደሂቤ፣ ካንቺ ቀጥሎ የኔ ተራ ነው። እኔንም ይወደኛል።»

ደሂባ ያቺን ቀጭን ክንድ አየቻት። ፍርግርጉን ለቀቀችና ቀና አለች።

«አልነካውም» አለች።

«ምን?» አለች ሻያ።

«አልነካውም አልኩ። የዚያን ጊዜ በርዶት ነው ዝም ያለኝ። አይወደኝም፣ አያውቀኝምም። ጉራዬን ነበር።»

ሳብሪ «ይኸው! አላልኳችሁም?» ብሎ አጨበጨበ። ሻያ በንዴት ከንፈሯን ነከሰች።

ደሂባ ያሰበችውን ያህል አልከበዳትም። «ጎማ ነው ያልከው አንተ፣ ወደ ኋላ ሁን» አለችና ረጅሙ ዱላ ጫፍ ላይ አንድ ትልቅ ቆሮሶ ዓሣ ሰካች። በሺርን በግራ እጇ ከኋላዋ ከልላ ዓሣውን በፍርግርጉ ክፍተት አሾልካ ከውሃው በላይ አንጠለጠለችው። መጀመሪያ ምንም የለም። ሳብሪ አንገቱን አሰገገ።

ጓ!

ዓሣው የለም። የዱላው ጫፍም የለም። ሳብሪ በሩ ጋ ደርሷል፤ አንድ ጫማው ግን እዚያው ገንዳው አጠገብ ቀርቷል። መጀመሪያ የሳቀችው ሻያ ነበረች፤ ከዚያ ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

«ያንን የድሮውን ቪዲዮ አጥፊው» አለቻት ደሂባ፣ ሳቁ በረድ ሲል።

«ያ ሁሉ ሰው ያየውን? ንግሥትነትሽ እኮ ቀረ!»

«ይቅር። እንደ በሺር ያለ ሌላ ልጅ አይቶ ይሞክረዋል።»

ሻያ ስልኳን ትንሽ አገላበጠችና በረጅሙ ተነፈሰች፤ ከዚያ ቪዲዮውን አጠፋችው።

የደሂባ እናት ለልጆቹ ሁሉ ቀይ፣ ቀዝቃዛ የከርከዴ መጠጥ ይዛ ወጣች። ሁሉም ተሻሙበት። በሺር ግን ሁለቱንም እጆቹን ብብቱ ስር ወሽቆ ገንዳውን ፈንጠር ብሎ ያያል፤ ብርጭቆ ሲዘረጉለትም አላወጣቸውም።

ደሂባ አልሳቀችበትም። አጠገቡ ቁጭ አለችና ብርጭቆውን ይዛ አጠጣችው።