ግራና ቀኙ የማይመሳሰል መርከብ

የአዲሱ መርከብ አንድ ጎን ንድፍ ያለበት ጥቅልል ከእጅ ወደ እጅ አለፈ።

«ማንም አላየህም?»

«ማንም።»

የመርከብ ፋብሪካው ማሳያ አዳራሽ በምሳ ሰዓት ጭር ይላል። መርከብ ከጥንት እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ ተደርድሯል፤ የተቦረቦረው ግንድ፣ በሳንቃ የተሠራው፣ ባለ ሸራው፣ ባለ እንፋሎቱ፣ በብየዳ የተገጣጠመው ብረት። ሁሉም ከእንጨት የተቀረጹ ሞዴሎች ናቸው፤ ሁሉም አንድ ጎን ብቻ። ግራው ቀኙን ስለሚመስል ቀራጮች ከድሮም ሌላውን ጎን በመድገም አይደክሙም።

ጥቅልሉን የሰጠው ሰው የምስጢር ስሙ «ምስማር» ነው። እዚህ ግን ቀራጭ ነው። ጥቅልሉን የተቀበለው አለቃው «ዋርካ» የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው። ወደ ስለላው ያስገባውም እሱ።

«ሌላው ግማሽ እኮ...»

«ይበቃል። አንዱ ካለ ሌላውም አለ። በኋላ በር ውጣ፤ መኪና ይጠብቅሃል።»

«እህትህ ደህና ናት?»

«ስላንተ ስትነዘንዘኝ ነው የምትውለው። ማታ ታያታለህ።»

በኋላ በር መኪና አልነበረም። ጥበቃዎች ነበሩ። የሚወጣውን ሁሉ ከአንድ ፎቶ ጋር ያስተያያሉ። ምስማር በበሩ መስታወት አጮልቆ አየ። የሠርጉ ፎቶ ነው፤ ከሳሎኑ ግድግዳ የወረደ። ሚስቱ ያለችበት ጎን ተቆርጧል።

ሸጦኛል።

በሠርጉ ቀን አቅፎት ያለቀሰ ሰው! ከመስቀያው የቀለም ቀቢ ጭምብል አንስቶ አጠለቀና ወደ ባሕሩ ከሚወጡት ቀቢዎች ጋር ተቀላቀለ።

ከኋላው ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ ቀራጭ በሱ ዳፋ ሲያዙ ሰማ። «ልጄ ምን አጠፋ?» ይላሉ። መዞር አልቻለም።

ሌላ ከተማ ደርሶ በፋብሪካው የቀረጸውን የአዲሱን መርከብ ሞዴል እጁ በለመደው እንደገና ቀረጸ፤ ግራውንም ቀኙንም። የዚህ መርከብ ኋላ፣ ፕሮፔለሩ ውሃውን ወደ አንድ ወገን ስለሚያሽከረክረው፣ በትንሹ ወደ ጎን ይጣመማል። ግራው ቀኙን አይመስልም። ዋርካ ሳያስጨርሰው የቀረው ወሬ ይህ ነበር።

በስለላው የዋርካ የበላይ የሆነችው ሴት ሞዴሉን ተቀብላ ሁለቱን ግማሾች ገጥማ አየች።

«ግዳጅህን ፈጽመሃል። ዋርካ ጥቅልሉን የሸጠላቸው ደንበኞች ደግሞ በያዙት ግማሽ ይሥሩ። ገንዘባቸውን ውሃ ይበላዋል።»

«ዋርካስ?»

«አንነካውም። ከነካነው ደንበኞቹ ይጠረጥራሉ።»

«ሽማግሌውስ?»

ሞዴሉን ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከተተች።

«ሚስቴስ?»

«ሞተሃል፤ ባሕር ውስጥ ሰጥመህ። ተነግሯታል።»

«ማን ነገራት?»

«ወንድሟ።»

እነዚህም ሸጡት፤ እነሱ ግን እያመሰገኑ።

ዛሬ በአንዲት ጠባብ የእንጨት ሥራ ቤት የሰው በር ይሠራል። ስሙን የሚጠይቀው የለም። አንድ ቀን ብቻ አላስችል ብሎት በድሮ ሰፈሩ አለፈ። ሚስቱ ጥቁር ለብሳ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ራሷን ዋርካ ትከሻ ላይ ጥላ ታለቅሳለች፤ እሱም «አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ» ይላታል።

ምስማር ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ አለፈ።