ጠራጊው የተረሳበት ቦይ

ዶክተር ትርንጎ ከጠዋት ጀምሮ አስራ አንድ ሐይቅ ሲሞት አይታለች፤ ምሳዋን ግን ገና አልበላችም።

በቦራ የምህንድስና ኮሌጅ የፈተና ሳምንት እንዲህ ነው። ተማሪው የነደፈውን የውኃ ማጣሪያ፣ ወደ ሐይቅ ከሚወርደው ቦዩ ጋር፣ ይዞ ዘመን ቤት ይገባል፤ አንድን ንድፍ በሃያ ደቂቃ መቶ ዓመት አስኖሮ የሚያሳይ አዳራሽ ነው። ሐይቁ ግድግዳው ላይ ይዘረጋል፤ ዳርቻው ላይ ምስለ ሰቦች፣ ማለትም ማሽኑ የፈጠራቸው ነዋሪዎች፣ ይወለዳሉ፣ ይጋባሉ፣ ይሞታሉ። መቶው ዓመት ሲያልቅ ሐይቁ ካለ ተማሪው አለፈ። ትርንጎ የዘላቂነትን ትምህርት ስታስተምር አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ያለፉላት በጣት ይቆጠራሉ። ኧረ ምኑ ቅጡ! ታክቷታል፤ ዘንድሮ ልትለቅ ቆርጣለች።

አስራ ሁለተኛዋ ተፈታኝ ሌንሳ ነበረች። አምና ወድቃ የደገመች፣ አሁን ብትወድቅ ከኮሌጁ የምትሰናበት ልጅ ናት።

ትርንጎ ንድፉን አየችና "ወይ ጉድ! ደለል ጠራጊው ማሽን የታለ?" አለቻት።

የሌንሳ ፊት አመድ መሰለ። "ረስቼው ነው፣ ዶክተር። በእናትዎ፣ ሦስት ቀን አልተኛሁም።"

"በሁለት ዓመት ቦዩ ይደፈናላ! በይ ክፈችው፣ እንገላገል።"

እውነትም በሁለተኛው ዓመት ቦዩ ተደፈነ። ሌንሳ ማልቀስ ጀመረች። በሦስተኛው ዓመት ግን ምስለ ሰቦቹ አካፋ ይዘው ወጡና ጠረጉት። በአስረኛው ዓመት በየሰፈሩ ተራ ገብተው ቅዳሜ ቅዳሜ ይጠርጉ ነበር። ትርንጎ የዘመን ቤቱ ማሽን የተበላሸ መስሏት ፈተሸችው፤ ደህና ነው።

"አንተ ሰውዬ፣ ያለፈው ቅዳሜስ የት ነበርክ?" ብላ አንዲት ምስለ ሰብ አርፍዶ የመጣውን ስታፋጥጠው ትርንጎ ሳታስበው ሳቀች።

በአርባ አንደኛው ዓመት ከቦዩ በላይ የተተከለ ፋብሪካ ቆሻሻውን ወደ ቦዩ ለቀቀ። ጠራጊዎቹ በዚያው ቅዳሜ የውኃውን ቀለም አይተው ጮኹ፤ ፋብሪካውን አስቆሙት። መቶው ዓመት ሲያልቅ ሐይቁ ነበረ።

"እስቲ ጠራጊውን ማሽን ጨምሪበትና ድገሚው" አለች ትርንጎ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሌንሳ ጨመረችው። ቦዩ አንድም ቀን አልተደፈነም፤ ወደ ቦዩ ዝር ያለ ሰውም አልነበረም። ፋብሪካው ቆሻሻውን ሲለቅ ማንም አላየም። ዓሣው ሞቶ ሲንሳፈፍ ነው የነቁት፤ ያኔ ደግሞ መሽቶባቸዋል። ሐይቁ በሃምሳ ስምንተኛው ዓመት ሞተ።

ትርንጎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ጠራጊ ማሽን የሌለበትን ንድፍ በክፍል ልምምድ ሠላሳ ነጥብ ስትቀጣ የኖረችው እሷው ናት። "ሰው ይሰለቻል፣ ሰው ይረሳል፣ ሥራውን ሰው ላይ አትጣሉት" እያለች ስንቱን አስተምራለች! የከተማዋንም ማጣሪያ የሠሩት የእሷው ተማሪዎች ናቸው።

"ሌንሳ፣ የከተማችንን ቦይ በዓይንሽ አይተሽው ታውቂያለሽ?"

"ኧረ ዶክተር፣ ማን ይሄድበታል? ማሽኑ ይጠርገው የለ እንዴ?"

ትርንጎም ቦዩን ካየችው አስራ ሁለት ዓመት አልፏታል። ጉልበቷን ይዛ ተነሣች።

"ነይ፣ እንሂድ።"

"አሁን? ፈተናውስ?"

"አልፈሻል። ተነሺ ነው የምልሽ!"