በኛ ዘጠና ሦስት

«ሃያ ሦስት ዓመት» አለ ጸሐፊው በፈረንሳይኛ፣ ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ ሳይነቅል። ለትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተናው ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ የሆነ አይመዘገብም።

ውብነሽ ሳቀች። እንኳን ሃያ ሦስት፣ አሥራ አምስቷንም አትመስል። ሰውየው ግን አልሳቀም። ድሮ በወረቀቱ ጊዜ ቢሆን ልጅቷን አየት አድርጎ፣ ሰርዞ ያቃናላት ነበር። አሁን ማሽኑ ያለው አለ ነው። የነዋሪነት ፎርሙን የሞላው ሰው ራሱ ቀርቦ፣ ተሳስቻለሁ ብሎ ይፈርም አላት፤ ማስተካከያው ሦስት ወር ይፈጃል። ፈተናው የቀረው ሁለት ወር ነው።

አጠገቧ የቆመችው ጓደኛዋ ፅዮናዊት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

አምና የነዋሪው ምዝገባ በኢንተርኔት ሲሆን፣ እዚህ በሰው አገር፣ ዋራበሌ ሰፈር ላሉት አበሾች ፈረንሳይኛውን እያነበበች የሞላችው እሷ ናት። አሥራ አንድ ቤተሰብ። «ኮምፒዩተራችን» እያሉ መረቋት። የውብነሽ እናት እትዬ ውዴ «ልጄ የዘጠና ሦስት ናት» ሲሏት፣ 1993 ብላ ጻፈች። በኛ አቆጣጠር መሆኑ፣ በፈረንጁ ሁለት ሺህ አንድ መሆኑ ውል አላላትም። የሌሎቹንም እንደነገሯት ነው የጻፈችው። ተመዝግቧል የሚለው አረንጓዴ ምልክት ሲበራ እንዴት ደስ ብሏት ነበር።

እትዬ ውዴ ደጅ፣ ከግንቡ ጥላ ሥር ይጠብቁ ነበር። ውብነሽ የሆነውን ስትነግራቸው ድምፅዋ ተሰበረ።

«እማዬ፣ የወለድሽኝን ዓመት እንኳ አታውቂውም?»

እትዬ ውዴ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ሰው ፊት አንገታቸውን የሚያስደፋቸውም ይኸው ነው።

«እኔ ፅዮናዊትን አሳስቻት ይሆናላ» አሉ ቀስ ብለው።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ፅዮናዊት ብትናገር የውብነሽ ዓመት አይመለስም፣ ጓደኛዋን ግን ታጣለች። ደግሞ የአሥሩ ቤት ልጆች አሉ፤ እዚያ ማሽን ውስጥ ሳያድጉ አርጅተዋል። ውብነሽ ከእናቷ ራቅ ብላ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

«እትዬ ውዴ» አለች ፅዮናዊት። «እርስዎ ልክ ነበሩ። በኛ ዘጠና ሦስት ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ውብነሽ ዞራ አየቻት። አልሰደበቻትም፤ ብትሰድባት ይሻል ነበር። የእናቷን ክንድ ያዘችና ወደ አውቶቡሱ ሄዱ።

ፅዮናዊት አልተከተለቻቸውም። ተመልሳ ገብታ የሰልፉ ጭራ ላይ ቆመች። ተራዋ ሲደርስ አሥራ አንድ የማስተካከያ ፎርም ጠየቀች።